የምክር ዓምድ፦ በወር 20 ዶላር የሚለውን የተማሪ ቅናሽ ልግዛው?

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከትምህርቴ ጎን ለጎን ሰርግ፣ ክርስትናና ምርቃት ፎቶ አነሳለሁ። ካሜራዬ ካኖን 2000ዲ ነው። ላፕቶፔ ኮር አይ 5 ሆኖ ራሙ 8 ጊጋባይት፣ ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋባይት ነው። ለአንድ ዝግጅት 3,000 ብር እቀበላለሁ፤ መጓጓዣና ህትመት ተቀንሶ 1,500 ብር ገደማ ይተርፈኛል። እስካሁን የምሠራው ጓደኛዬ በጫነልኝ ክራክ (ፈቃዱ ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚሠራ) ፎቶሾፕ ነበር፤ ሰሞኑን በየመሀሉ እየተዘጋ አስቸግሮኛል። የፎቶሾፕ አምራች የአዶቢ ሙሉ ጥቅል ለተማሪ በመጀመሪያው ዓመት በወር 20 ዶላር እንደሚሸጥ አየሁ፤ አሜሪካ ያለው ወንድሜም በካርዴ ልክፈልልሽ ብሎኛል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ አንድ ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ የተማሪ አካውንት በ2,000 ብር እሸጣለሁ ይላል። በቅርቡ አንድ ፎቶ ቤት የሰርግ አልበም ሥራ በፒኤስዲ (በፎቶሾፕ የሥራ) ፋይል ሊልክልኝ ነው። የቱ ይሻለኛል?»

መልስ

እህታችን፣ የቴሌግራሙን አካውንት ዛሬውኑ ከሐሳብሽ አውጪው። የአዶቢን የተማሪ ቅናሽ ደግሞ ለጊዜው አትግዢው። ምክንያቱን አንድ በአንድ እናስረዳሻለን። መግዛት የሚያዋጣበት ጊዜ ስላለም እሱን ለይተን እንነግርሻለን።

ቴሌግራም ላይ «የተማሪ አካውንት» እየተባለ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ የሆነ ውጭ አገር ያለ ትምህርት ቤት ወይም ድርጅት በጅምላ ከገዛው ፈቃድ የተቆነጠረ ነው። ሻጩ ኢሜልና የይለፍ ቃል ይሰጥሻል፤ ኢሜሉ ግን ያንቺ አይደለም። የፈቃዱ ባለቤት የሆነው ተቋም አስተዳዳሪ የማያውቀውን ስም ከዝርዝሩ ያወጣ ዕለት ፕሮግራሙ ይዘጋል፤ በአካውንቱ ክላውድ ላይ ያስቀመጥሽው ፋይልም አብሮ ይሄዳል። ይህ የሚሆነው የሙሽሮቹ ቤተሰብ አልበሙን በሚጠብቅበት ሳምንት ሊሆን ይችላል። ገንዘቤን መልስ የምትይው ሰው አይኖርም። ከዚህ በላይ ደግሞ አስተዳዳሪው በተቋሙ አካውንት ውስጥ ያለን ፋይል ማየት የሚችልበት አሠራር አለ። የሰው ቤት ሰርግና የሕፃናት ክርስትና ፎቶ በማታውቂው ሰው እጅ ማስቀመጥ ከ2,000 ብሩ የከፋ ኪሳራ ነው።

ወደ ሕጋዊው ቅናሽ እንምጣ። ማስታወቂያው ውስጥ «በመጀመሪያው ዓመት» የሚለውን ሐረግ ደግመሽ አንብቢው። ሁለተኛው ዓመት ላይ ዋጋው ወደ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ትምህርትሽን ስትጨርሺ ደግሞ ቅናሹ ራሱ ይቀርና እንደማንኛውም ደንበኛ ትከፍያለሽ። አንቺ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነሽ። ዛሬ ብትገዢ አንዱን ዓመት በርካሹ፣ ቀጣዩን በውድ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ገና በምትፈልጊበት ጊዜ በሙሉ ዋጋ ማለት ነው። በዚያ ላይ የቀረበልሽ ጥቅል ከ20 በላይ ፕሮግራሞች ያሉበት ነው፤ ላንቺ ሥራ የሚያስፈልጉት ፎቶሾፕና ላይትሩም (የብዙ ፎቶ ብርሃንና ቀለም ማስተካከያው) ብቻ ናቸው። ለቪዲዮ፣ ለመጽሔት ገጽ ሥራና ለአኒሜሽን የተሠሩትን አብረሽ ትከፍይባቸዋለሽ።

ሒሳቡን በብር እናስቀምጠው። በወር 20 ዶላር በዓመት 240 ዶላር ነው። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ምንዛሪው ስለሚለዋወጥ በዕለቱ ዋጋ አስይው፤ ለምሳሌ ያህል ዶላሩን በ150 ብር ብንይዘው 36,000 ብር ይመጣል። ከአንድ ዝግጅት 1,500 ብር የሚተርፍሽ ከሆነ 24 ዝግጅት የምትሠሪው ለሶፍትዌሩ ብቻ ነው። ከፋዩ ወንድምሽ መሆኑ ይህን ሒሳብ አይለውጠውም። እሱ የሚሰጥሽ 240 ዶላር ሌላ ነገር ሊገዛበት የሚችል ገንዘብ ነው። በምን ላይ ብታውዪው እንደሚሻል ወደ ታች እንነግርሻለን።

ከዋጋው ይበልጥ የሚያሳስበን ግን የውሉ ቅርጽ ነው። የተማሪው ቅናሽ በየወሩ ይከፈል እንጂ ውሉ የ12 ወር ነው። የጎጃም የሰርግ ሥራ ደግሞ 12 ወር የለውም። ሰርግ የሚደራው በጥር እና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። በነቢያት ጾም 43 ቀን፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀን የቤተ ክርስቲያን ሰርግ የለም። ክረምቱ ሲገባም ከሐምሌ እስከ ጳጉሜን ዝናቡና እርሻው ድግሱን ያሳንሱታል። ሰኔ እና ሐምሌ ላይ የምርቃት ፎቶ ይመጣል፤ እሱም ቢሆን የጥቂት ቀናት ነው። ስለዚህ ከዓመቱ ግማሽ ገደማው ሥራ በሌለበት ትከፍያለሽ።

«ሥራ ሲጠፋ አቋርጠዋለሁ» ብለሽ አስበሽ ከሆነ፣ ውሉ የሚነክሰው እዚያ ላይ ነው። ዓመታዊ ሆኖ በወር የሚከፈለውን ውል ከገዛሽ በ14 ቀን ውስጥ ብታቋርጪ ሙሉ ገንዘቡ ይመለሳል። ከ14 ቀን በኋላ ግን ከቀሪዎቹ ወራት ክፍያ ግማሹን እንድትከፍዪ ትጠየቂያለሽ። አራት ወር ከፍለሽ ብታቆሚ የቀረው 8 ወር 160 ዶላር ነው፤ ግማሹ 80 ዶላር፣ በያዝነው ምንዛሪ 12,000 ብር። ፕሮግራሙን ላለመጠቀም የስምንት ዝግጅት ትርፍ ማለት ነው። የአሜሪካ መንግሥት በፌዴራል የንግድ ኮሚሽኑ አቤቱታ በሰኔ 2016 ዓ.ም. አዶቢን ፍርድ ቤት ያቀረበው ይህን የማቋረጫ ክፍያ ለገዢዎች በግልጽ አላሳየም፣ መሰረዙንም አስቸጋሪ አድርጎታል በሚል ነበር። ስለዚህ መክፈያ ገጹ ላይ ስትደርሺ ሦስቱን አማራጮች ለይተሽ እዪ፦ ዓመታዊ ሆኖ በወር የሚከፈል፣ ዓመታዊ ሆኖ በአንድ ጊዜ የሚከፈል፣ እና ማንኛውም ወር ላይ ቅጣት ሳይኖር የሚቆም ወርሃዊ። የመጨረሻው በወር ሲታይ ውድ ነው፤ ፎቶሾፕን ብቻውን በወር ከ30 ዶላር በላይ ያስከፍላል። 35 ብንለው እንኳ በጥር፣ በሚያዝያ እና በግንቦት ብቻ ብትገዢው 105 ዶላር ነው። የተማሪ ቅናሽ ሳይኖረው ከተማሪው ቅናሽ በግማሽ ያንሳል፤ ሥራሽ ወቅታዊ ስለሆነ ነው።

ክፍያው የቆመ ዕለት ምን እንደሚሆንም እወቂ። ፎቶሾፕ ጨርሶ አይከፈትም። ላይትሩም ክላሲክ ይከፈታል፤ ፎቶዎችሽን ታያለሽ፣ የሠራሽውንም ኤክስፖርት ማድረግ ትችያለሽ፤ ማስተካከያው ክፍል ግን ተቆልፎ ይቆያል። የፎቶዎቹ ዋና ፋይሎች ሃርድ ዲስክሽ ላይ ስላሉ አይጠፉም። በላይትሩም ያደረግሽው ማስተካከያ ግን ወደ ሌላ ፕሮግራም እንዳለ አይሻገርም። ውል ከማለቁ በፊት የተመረጡትን በሙሉ መጠን ጄፔግ፣ ምርጥ ምርጦቹን በ16 ቢት ቲፍ (ጥራቱን በማይቀንስ የፎቶ ፋይል) ማውጣት አለብሽ።

ኢንተርኔቱስ? እነዚህ ፕሮግራሞች ፈቃዳቸውን ለማረጋገጥ በየ30 ቀኑ ገደማ ከኢንተርኔት ጋር ለመገናኘት ይሞክራሉ። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት የተቋረጠበትን ጊዜ ያየ ሰው ይህን አንቀጽ አቅልሎ አያልፈውም። ከጥቅሉ ጋር የሚሰጠው የክላውድ ማከማቻም ላንቺ ብዙ አይረባሽም። የ2000ዲ አንድ ሮው ፋይል (ካሜራው ሳያቀነባብር የሚያስቀምጠው ጥሬ ፎቶ) ከ25 እስከ 30 ሜጋባይት ይሆናል፤ 800 ፎቶ ያነሳሽበት ሰርግ ወደ 22 ጊጋባይት ነው። በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ያለማቋረጥ ቢጫን 10 ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ የዳታው ወጪ ሳይቆጠር። ከዚህ ይልቅ አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ግዢ።

አሁን እጅሽ ላይ ስላለው ነገር እንነጋገር። የካኖን ካሜራ ያለው ሰው ሁሉ የሮው ፋይል ማስተካከያ ፕሮግራም በነጻ አለው፤ ዲጂታል ፎቶ ፕሮፌሽናል ይባላል። ከካኖን ድረ ገጽ ሲወርድ የካሜራውን መለያ ቁጥር ይጠይቃል፤ ቁጥሩ የካሜራው ታችኛ ፊት ላይ ተጽፏል። (ኒኮን ያላቸው አንባቢዎቻችን ኤንኤክስ ስቱዲዮ የሚባለውን በነጻ ያገኛሉ።) መልኩ እንደ ላይትሩም አያምርም፣ ፈጣንም አይደለም። ለሰርግና ለምርቃት ሥራ ግን ከሚያስፈልግሽ አብዛኛውን ይሠራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ካሜራሽን በሮው አድርገሽ አንሺ። በአንድ ብርሃን ከተነሱት መካከል አንዱን ፎቶ ክፈቺ። በመጀመሪያ የነጭ ሚዛኑን በጠብታ መሣሪያው ነጭ ወረቀት ወይም ግራጫ ነገር ላይ ጠቅ አድርገሽ አስተካክዪ። ነጠላ ላይ ጠቅ አታድርጊ፤ የአገር ጥጥ ብዙ ጊዜ ወደ ክሬም ያደላል፣ ጠቅ ስትዪው ፊቱ ሰማያዊ ይመታል። ለዚህ ሲባል ቦታውና መብራቱ በተቀየረ ቁጥር አንድ ፎቶ ነጭ ወረቀት አስይዘሽ አንሺ። ቀጥሎ ብርሃኑን፣ ከዚያ የነጣውን ክፍል ዝቅ፣ ጥላውን ከፍ፣ በመጨረሻ የጩኸት (ፎቶው ላይ እንደ አሸዋ የሚታየው ነጠብጣብ) መቀነሻውን። ውጤቱ ካረካሽ ከኤዲት ሜኑ ቅንብሩን ኮፒ አድርጊ፣ በዚያው ብርሃን የተነሱትን ሁሉ መርጠሽ ለጥፊባቸው። 60 እና 70 ፎቶ ባንድ ጊዜ ይስተካከላል። ከዚያ ባች ፕሮሰስ የሚለውን ከፍተሽ ጄፔግ፣ 300 ዲፒአይ፣ መድረሻ ፎልደር መርጠሽ ልቀቂውና ሌላ ሥራሽን ሥሪ።

ስለ ነጠላና ስለ ሐበሻ ቀሚስ አንድ ነገር እንጨምር፤ እዚህ ላይ የሚበላሸው ፎቶ በየትኛውም ውድ ሶፍትዌር አይድንም። ጠይም ፊትና ነጭ ልብስ አንድ ፍሬም ውስጥ ሲገቡ ካሜራው ፊቱን ላብራ ብሎ ጥልፉን ያቃጥለዋል። ጄፔግ ላይ ከሆነ የተቃጠለው ቦታ ባዶ ነጭ ነው፤ የሚመለስ ነገር የለም። የ2000ዲ ሮው 14 ቢት ስለሆነ ጥላ ውስጥ የተደበቀን ፊት ማውጣት ይቻላል፤ ጨርሶ የነጣውን ግን እሱም አይመልስም። ስለዚህ የብርሃን ማካካሻውን በአንድ ሦስተኛ ወይም በሁለት ሦስተኛ ዝቅ አድርገሽ አንሺ፤ ካነሳሽ በኋላ ዲአይኤስፒ የሚለውን ቁልፍ እየተጫንሽ ዝርዝሩን የሚያሳየው ገጽ ላይ ድረሺ፤ ከልክ በላይ የነጣው ቦታ ብልጭ ድርግም ይላል። የቀሚሱ ጥለት ብልጭ ካለ እንደገና ዝቅ። ፊቱን በኋላ በጥላ ማንሻው ታወጪዋለሽ። ማውጣት ስንል ማንጣት ማለታችን አይደለም። በየፎቶ ቤቱ ሙሽራዋን ሁለት ደረጃ አንጥቶ እናቷ እንኳ እንዳታውቃት የማድረግ ልማድ አለ፤ አንቺ ገና ከጅምሩ እሱን አትልመጂ። የሰው ቆዳ በራሱ ቀለም በደንብ ሲበራ ነው ፎቶው የሚያምረው፤ ደንበኛም ልዩነቱን ያያል።

ከመሠረታዊ ማስተካከል ለሚያልፈው ሥራ፣ ማለትም ዳራ ለመቀየር፣ ሁለት ፎቶ ለማጣመር፣ የአልበም ገጽ ለመደርደርና ጽሑፍ ለመጨመር ሌላ ፕሮግራም ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ነገሩ በቅርቡ ተለውጧል። አፊኒቲ በክፍያ ይሸጥ የነበረ ከፎቶሾፕ ጋር የሚወዳደር ፕሮግራም ነው። ኩባንያውን ካንቫ በ2016 ዓ.ም. ከገዛው በኋላ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. በነጻ ለቀቀው። የካንቫ አካውንት መክፈት ያስፈልጋል፤ ሲጫንና ሲነቃ ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ከዚያ ወዲህ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሚጠቀሙት መሣሪያዎች ብቻ ናቸው ለብቻ የሚከፈልባቸው። ሌየር (ተደራራቢ ንብርብር)፣ ማስክ (የፎቶውን ከፊል መሸፈኛ)፣ የቆዳ ማስተካከያ፣ ሲኤምዋይኬ (የማተሚያ ቤት የቀለም አሠራር) ሁሉም አለው። ላፕቶፕሽ ቢከብደው ጊምፕን ጫኚ፤ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የወጣው 3.0 ዕትም ማጣሪያዎችን በኋላ ተመልሶ መቀየር እንዲቻል አድርጓል፤ ቀድሞ የሚወቀስበት ትልቁ ጉድለት ይህ ነበር። ለሲኤምዋይኬ ህትመት ግን ከአፊኒቲ ይደክማል።

ያም ሆኖ ምንም ፕሮግራም ብትመርጪ መጀመሪያ መታደስ ያለበት ላፕቶፕሽ ነው። ፎቶሾፕ 8 ጊጋባይት ራም የሚጠይቀው ለዝቅተኛው ነው፤ የሚመከረው 16 ነው። ያንቺ ዊንዶውስ ብቻውን 3 ወይም 4ቱን ይወስዳል። ራሙ ሲሞላ ፕሮግራሙ ሃርድ ዲስኩን እንደ ራም ይጠቀማል፤ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ደግሞ ቀርፋፋ ስለሆነ ብሩሽ አንዴ ስትጎትቺ ቆሞ ያስብብሻል። የምትከፍይበት ፎቶሾፕም በዚህ ማሽን ላይ ይኼው ነው። ወንድምሽ ሊረዳሽ ከፈለገ 500 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) እና አንድ የላፕቶፕ ራም ለሚመጣ ሰው ይስጥልሽ። ከመላኩ በፊት ዓይነቱን አጣሪ፦ ታስክ ማናጀርን ከፍተሽ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ የሚለውን እዪ። ስንት ማስገቢያ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ይነግርሻል። ፍጥነቱ 1333 ወይም 1600 ከሆነ ዲዲአር 3 ነው፤ 2133፣ 2400 ወይም 2666 ከሆነ ዲዲአር 4። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ማስገቢያው አንድ ብቻ ሆኖ የተያዘ ከሆነ ባለ 16ቱን ገዝተሽ ትቀይሪዋለሽ። አንዳንድ ቀጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ ጠጋኝ ከፍቶ እንዲያይልሽ አድርጊ።

ኤስኤስዲው ሲገባ ክራኩንም በዚያው ጥረጊው። ክራክ የሚጭን ሰው መጀመሪያ ምን ያደርጋል? ፀረ ቫይረሱን ያጠፋል። አብሮ የሚገባው ነገር በብሮውዘር የተቀመጡ የይለፍ ቃላትን የሚሰርቅ ሊሆን ይችላል፤ ስቶፕ የሚባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስም በዋናነት የተዛመተው በክራክ ፕሮግራሞች ነው። እሱ ከገባ የፎቶዎችሽን ፋይሎች በሙሉ ቆልፎ ገንዘብ ይጠይቃል። በየመሀሉ መዘጋቱ ቫይረስ ነው ብለን ከዚህ ሆነን መናገር አንችልም፤ የራም ማነስም ሊሆን ይችላል። ጥንቃቄው ግን ያው ነው፦ ፎቶዎችሽንና የፒኤስዲ ፋይሎችሽን ብቻ ወደ ውጫዊ ዲስክ ገልብጪ፣ ምንም የፕሮግራም መጫኛ አትገልብጪ፣ በአዲሱ ኤስኤስዲ ላይ ዊንዶውስን አዲስ ጫኚ፣ የኢሜልና የባንክ መተግበሪያ የይለፍ ቃሎችሽን ከስልክሽ ቀይሪ።

እንግዲህ መግዛት የሚያዋጣበት ጊዜ። የፎቶ ቤቱ ሥራ ቋሚ ከሆነና ፋይሎቹ በፎቶሾፕ ውስጥ ብቻ የሚኖሩ ነገሮች ካሉባቸው ነው። ስማርት ኦብጀክት (በፋይሉ ውስጥ እንዳለ የተቀመጠ ሌላ ፎቶ ወይም ፋይል)፣ አክሽን (ተደጋጋሚ ሥራን በአንድ ጠቅታ የሚሠራ የተቀዳ ትእዛዝ)፣ ብዙ የሌየር ስታይል (ጥላና ጠርዝ የመሰለ ጌጥ) ማለታችን ነው። አፊኒቲ ፒኤስዲ ይከፍታል፤ መቼቱ ውስጥ ስማርት ኦብጀክትን እንዳለ አስገባ የሚል ምርጫ አለው፣ አብሪው። የፎቶሾፕ አክሽን ግን አያስኬድም። መልሶ በፒኤስዲ ሲያስቀምጥም አንዳንድ ነገር ተጨፍልቆ ፎቶ ቤቱ ሊያርመው የማይችል ሊሆን ይችላል። ጊምፕ ሌየሮቹን ያነባል፤ ስማርት ኦብጀክቱን ከፍተሽ ውስጡን ልታርሚ አትችይም። በብሮውዘር የሚሠራው ፎቶፒያ ለፒኤስዲ ከነጻዎቹ የተሻለ ታማኝ ነው። ፋይሉም ወደ ሰርቨር አይላክም፣ እዚያው ኮምፒውተርሽ ላይ ነው የሚሠራው። ትልቅ የአልበም ፋይል ግን 8 ጊጋ ራም ላይ ያንገዳግደዋል።

ያንን ከመወሰንሽ በፊት ፎቶ ቤቱን አንድ ያለቀ አልበም ፒኤስዲ ለናሙና ጠይቂ። በአፊኒቲና በፎቶፒያ ክፈቺው፣ አንድ ገጽ ላይ ፎቶ ቀይሪ፣ አስቀምጪና መልሰሽ ላኪላቸው። እነሱ ከፍተው «ችግር የለውም» ካሉ ወጪው አያስፈልግሽም። የአማርኛ ጽሑፉን በተለይ እዪ። ብዙ የሰርግ ካርድና የአልበም ፋይል አሁንም በድሮው ፓወር ግዕዝ ነው የሚጻፈው፤ ያ ፊደል በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ኮድ) አይደለምና ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ የሙሽሮቹ ስም የላቲን ፊደል ቅራቅንቦ ይሆናል። ይህ የሚደርሰው በተገዛ ፎቶሾፕም ነው። ፎንቱን አብረው እንዲልኩልሽ ወይም ጽሑፉን ወደ ምስል ለውጠው እንዲሰጡሽ ንገሪያቸው፤ አዲስ ስትጽፊ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል ተጠቀሚ፤ ሁለቱም በዩኒኮድ ናቸው።

ናሙናው ከተበላሸና ሥራው በወር ቢያንስ ሦስት አልበም የሚያመጣልሽ ከሆነ ግዢው። መጀመሪያ የሰባት ቀኑን ነጻ ሙከራ ውሰጂ፤ ካርድ ይጠይቃል፣ ሰባቱ ቀን ሲያልፍ በራሱ ወደ ክፍያ ይገባል፣ ስለዚህ በአምስተኛው ቀን የሚያስታውስሽ ማንቂያ ስልክሽ ላይ ሙዪ። ሙከራውን ባዶ ቀን ላይ አታባክኚው፤ ከባዱን አልበም ይዘሽ ጀምሪ።

የተማሪነት ማረጋገጫው ላይ የአገራችን ተማሪዎች የሚሰናከሉበት ቦታ የታወቀ ነው። የዩኒቨርሲቲው ኢሜል ካለሽ ነገሩ ቀላል ነው፤ ከሌለሽ የዩኒቨርሲቲውን የአይሲቲ ክፍል ጠይቂ። በመታወቂያ የምታረጋግጪ ከሆነ ግን መታወቂያሽ ላይ «እስከ ሰኔ 2018» ተብሎ የተጻፈውን ውጭ አገር ያለው አጣሪ በእነሱ አቆጣጠር ያነበዋል፤ ከዓመታት በፊት ያለቀበት ይመስለዋል። ከሬጅስትራር በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ስምሽ፣ የተቋሙ ስምና በፈረንጅ አቆጣጠር ከስድስት ወር ያልበለጠ ቀን ያለበት ደብዳቤ አውጪ። የስምሽና የአያትሽ ስም አጻጻፍ በደብዳቤውና በአካውንቱ ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። አካውንቱ በአንቺ ስምና በአንቺ ኢሜል ይከፈት፤ ቅናሹ የተማሪው እንጂ የከፋዩ አይደለም። አካውንቱ የተከፈተበት አገርና የወንድምሽ ካርድ አገር ካልተጣጣሙ ክፍያው ሊመለስ ስለሚችል ሁለታችሁም ስልክ ላይ ሆናችሁ አብራችሁ ጨርሱት። ማረጋገጫ ኮዱ የሚላከው ወደ አንቺ ስልክ መሆኑንም አጣሪ፤ ወደ እሱ ከሆነ አሜሪካ ሌሊት በሆነ ሰዓት አካውንቱ ቢዘጋብሽ ትጠብቂያለሽ። የአዶቢ የተማሪ ፈቃድ ለገቢ ሥራም መዋል ይችላል፤ ሁለት ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፣ በአንድ ጊዜ የሚሠራው ግን በአንዱ ነው። ሌላ ኩባንያ ግን የተማሪውን ዕትም ለንግድ ሊከለክል ይችላልና ውሉን አንብቢ።

ፋይል ለህትመት ስትልኪ ለ10 በ15 ሴንቲሜትር ቢያንስ 1181 በ1772 ፒክስል፣ ለ3 በ4 ጉርድ ፎቶ 354 በ472 ፒክስል፣ ቀለሙ ኤስአርጂቢ (የተለመደው የስክሪን የቀለም ዓይነት) ይሁን። የላፕቶፕሽ ስክሪን ብርሃን እስከ ጫፍ ተከፍቶ ከሆነ የምታወጪው ፎቶ ወረቀት ላይ ይጨልማል። ከጥር በፊት አንድ ፎቶ በአራት የተለያየ ብርሃን አውጥተሽ ሁልጊዜ በምታሳትሚበት ቤት በ10 በ15 አሳትሚ፤ ከጀርባው የተጠቀምሽውን የብርሃን ቁጥር ጽፈሽ ከስክሪኑ ጎን አስቀምጪውና ስክሪኑ ላይ የሚታየው ያው ፎቶ ከወረቀቱ ጋር እስኪገጥም ድረስ የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ አድርጊው።